የኔቪል አስራ አንደኛ ደቂቃ

«አጎቴን እንዳትነግረው» አለች ኬሪ። ኔቪል ፓርጀተር ይቺን የሰማት ታላቅ ወንድሙ ቤት፣ ደረጃው ስር ያለችው ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። የሽንት ቤቷ ግድግዳ ስስ ጣውላ ናት። እሷ ላይ ደግሞ ወንድምየው ላውረንስ የሁለቱ የሮክ ባንድ የተሸለመውን የወርቅ ሸክላ ሁሉ በፍሬም አድርጎ ሰቅሎታል። ሳሎን ቢሰቅለው ጉራ ይሆናላ። ሽንት ቤት ሲሰቀል ግን እንግዳው ወጥቶ «ላሪ እኮ ምንም የማይመስለው ሰው ነው» ይላል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አንብቦ ማለት ነው፣ ምን ሌላ የሚነበብ አለ እዛ። እና ኔቪል የ1977ቱ ሸክላ ፊት ለፊት ሱሪውን አውርዶ እንደተቀመጠ፣ ከጣውላው ወዲያ ኩሽናው ውስጥ የወንድሙ ልጅ ኬሪ፣ የባንዱ ማናጀር፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ከሳውንድ ማኑ ከዴስ ጋ ታወራለች። «የድራም ሶሎው ከሰባ ሰባቱ ሪከርድ ይለቀቅ። የድራሙን ማይክ በሙሉ ትዘጋዋለህ። እሱ እጁን ያወዛውዝ፣ በቃ። ትከሻው አልቋል እኮ።» ዴስ በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ላውረንስም እዛው ነው። ማንኪያ ሻይ ውስጥ ሲዞር ብቻ ነው የተሰማው፣ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው።

አሁን ኔቪል ምን ያድርግ? ውሃ ቢለቅ እዚህ እንደነበረና እንደሰማ ያውቃሉ። ሳይለቅ ቢወጣ ደግሞ እናቱ ከመቃብሯ ተነስታ በጥፊ ትለዋለች። ሰባ ሶስት ዓመቱ ነው፤ የዓለምን መድረክ ዞሯል፤ ግን ሰው ቤት ውሃ ሳይለቅ ወጥቶ አያውቅም። ቁጭ አለ። ማንቆርቆሪያው ተጥዶ ማፏጨት እስኪጀምር ስድስት ደቂቃ ያህል ሸክላው ልባስ ላይ ያለውን የገዛ ወጣት ፎቶውን ሲያይ ቆየ፣ ከዛ በማንቆርቆሪያው ጩኸት ተከልሎ ውሃውን ለቆ ወጣ። «እጅህን ታጠብክ?» አለችው ሚስቱ ቤሪል። ታጥቧል።

ምሳ በሉ። ሁልጊዜ ከተማቸው ዋልሶል ላይ ኮንሰርት ሲኖር ምሳ ላውረንስ ቤት ነው። የአሳማ ስጋ የተደረገበት ሳንድዊች፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት፣ ማንም የማይነካው ሰላጣ። ስለ ቤት ማሞቂያው፣ ስለ ቦይለሩ አወሩ። የላውረንስ ቦይለር ሰሪ መጥቶ አይቶ ብቻ መቶ አርባ ፓውንድ አስከፍሏል፣ አይቶ ብቻ። ኮንሰርቱ ካለበት ከድሮው ሲኒማ ቤት ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ስድስት ፓውንድ ከሃምሳ ገብቷል። «ለምን ያህል ሰዓት?» አለች ቤሪል። «ለአራት ሰዓት።» «አራት ሰዓት ምን ልሰራበት?» ኬሪ ለአጎቷ ሻይ ቀዳችለት፣ ወተቱን ጨመረችለት፣ ትራስ ከጀርባው አደረገችለት። ኬሪ መጥፎ ልጅ አይደለችም። ለአጎቷ እንዲህ ከመጠን በላይ ደግ የምትሆነው ግን የሆነ ነገር ልትወስድበት ስትል እንደሆነ ኔቪል ያውቃል፤ መኪናው ለሽማግሌ አይሆንም ብላ ልትሸጥበት የመጣች ቀንም ትራስ ይዛ ነበር። ላውረንስ ሳንድዊቹን ከፍቶ ውስጡን አየ፣ መልሶ ከደነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አይን ለአይን ሳይተያዩ አንድ ሳህን ሽንኩርት ጨረሱ።

እንግዲህ ዘፈኑ «የእቶኑ በር» ይባላል። የባንዱ ስም ጥላሸት። ሸክላው ላይ አራት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ነው፤ መድረክ ላይ ሃያ ስድስት ደቂቃ። ሃያ ሁለቷን ደቂቃ ማን አመጣት ብትሉ፣ ኔቪል ነው። መሃል ላይ ሌሎቹ ጊታራቸውን አስቀምጠው ከመጋረጃ ጀርባ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ፣ እሱ ብቻውን ድራሙን ሲደበድብ ይቆያል። በ1977 ኮንሰርቱ በቀጥታ ሲቀዳ፣ ሶሎው አስራ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ እጁ አልቦት ነበርና መምቻው፣ ስቲኩ፣ አመለጠው። ዝም አለ አዳራሹ። ዘጠኝ ሰከንድ። ከዛ በዝምታው ውስጥ የኔቪል ስድብ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ የማይባል ስድብ፣ በማይኩ ጥርት ብሎ ወጣ። ላውረንስ ከመጋረጃው ጀርባ ማይኩን አንስቶ «አንሳው እንጂ የኛ ልጅ» አለ፤ እነሱ ሰፈር ታናሽ ወንድም «የኛ ልጅ» ነው የሚባለው። ህዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የሸክላ ድርጅቱ ቆርጦ ያወጣዋል ሲባል ተወው፤ ያ ሸክላ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተሸጠ። ከዛን ቀን ጀምሮ ህዝቡ ዘፈኑን የሚጠብቀው ለግጥሙ አይደለም፣ ለጊታሩም አይደለም። አስራ አንደኛዋን ደቂቃ ነው። ኔቪል ስቲኩን ሊጥል ይገባል፤ ይሰደባል ማለቴ ይሳደባል፤ ላውረንስ «አንሳው እንጂ የኛ ልጅ» ይላል፤ ሶስት ሺህ ሰው በአንድ አፍ «አንሳው» ይላል። አርባ ሰባት ዓመት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲም ቢወድቅበት የማያውቀው ሰው ከጀርባው «አንሳው» ይለዋል። የእናታቸው ቀብር ላይ የጸሎት ወረቀቱን ንፋስ ሲነጥቀው ከኋላው አንዱ በሹክሹክታ ብሎታል። የሆነ ሰው ሳቀ። ኔቪል ማን እንደሆነ ለማየት አልዞረም፣ ወንድሙ እንዳይሆን ፈርቶ።

አንዴ ብቻ እምቢ ብሏል። በ1984 ዶርትሙንድ ላይ፣ ስቲኩን ሳይጥል ሶሎውን በቀጥታ አለፈው። ጀርመኖቹ መጀመሪያ ጠበቁ። ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። ከዛ የቢራ ብርጭቆ ተወርውሮ መጣ። ላውረንስ በሆቴሉ ሊፍት ውስጥ አስራ አንድ ፎቅ ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረውም፣ በማግስቱ ኔቪል ጣለ፣ ከዛ ወዲህ መጣል ነው። እንደውም ሙያ ሆነለት፤ ከየትኛው ከፍታ ቢለቀው ሁለቴ ነጥሮ መብራቱ ስር እንደሚያርፍ ያውቃል። የማንም ባንድ ድራመር እንዳይስት ይለማመዳል፤ ኔቪል እየሳተ ነው የሚለማመደው።

መኪናውን ቤሪል ነች የምትነዳው። ዝናብ ነበር፣ ህዳር ነዋ። «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ሃምሳ ዓመት ስለ ድራም ስትሰብከኝ ኖረህ ዛሬ ምንም?»

ነገራት። ቤሪል መብራት ላይ ቆማ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላ አንዱ ጥሩምባ ነፍቶባት ነው የተንቀሳቀሰችው። «ታዲያ እጅህ ይረፍ» አለች። ዞር ብላ አየችው። «ኔቭ፣ ትከሻህን ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ። ኮትህን የማወልቅልህ እኔ ነኝ። ምንድነው አሁን የፈለግከው?»

ኔቪል አይኑን መስታወት መጥረጊያው ላይ አድርጎ፣ «ያን ቀን ስቲኩ ሲያመልጠኝ አንድ ያሰብኳት ምት ልመታ ነበር» አለ። «ልገባባት ስል ነው ያመለጠኝ። ዶርትሙንድም ፈርቼ ዝም ብዬ ነው ያለፍኩት፣ እሷን አልመታኋትም። አንዴ ልምታት። እዚህ፣ ሰፈራችን። የመጨረሻችን ነው ተብሎ የለ።»

«የመጨረሻችሁ ሲባል ይሄ አራተኛው ነው» አለች ቤሪል፣ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ኮንሰርቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዎ፣ ሃርድ ሮክ በቀን። ድሮ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ወንበር ይሰብር የነበረ ህዝብ አሁን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው የሚሰጋው። አዳራሹ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ያለ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው፣ ምንጣፉ ጫማ ይይዛል፣ ጣራው ላይ ያሉት የጂፕሰም መላእክት አፍንጫቸው ረግፏል። መግቢያው ላይ «አንሳው» የሚል ቲሸርት በሰላሳ አምስት ፓውንድ ይሸጣል፤ ከሶስት ኤክስ ላርጅ በታች ያለው ቁጥር ገዢ የለውም። አጠገቡ የጆሮ መድፈኛ በሁለት ፓውንድ። ቆዳ ጃኬት የለበሱ፣ ጸጉራቸው ከኋላ ብቻ የቀረ ሽማግሌዎች መጀመሪያ መድፈኛውን ይገዛሉ፣ ከዛ ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያው ስር ያለውን ወንበር ለመያዝ ይጋፋሉ። አንዱ የመስሚያ መሳሪያውን አውልቆ ኪሱ ከተተና መድፈኛ አደረገ።

ኔቪል በቀጥታ ወደ ድራሙ ነው የሄደው። ማይኮቹ ሁሉም ቦታቸው ላይ አሉ፣ ያምራሉ፣ ገመዳቸው ተጠቅልሎ ከመድረኩ ስር ተኝቷል፣ የትም አልተሰካም። ዴስ ከድምፅ ማሽኑ ኋላ ጎንበስ ብሎ ምንም ያልተበላሸ ነገር በመፍቻ እየፈታ ነው።

«ዴስ፣ ይሄ ማይክ ይሰራል?»

«በደንብ ይሰራል።»

«ተሰክቷል?»

ዴስ መፍቻውን ግራና ቀኝ አገላብጦ አየው። «ኔቭ፣ እኔ ሰካ ሲሉኝ የምሰካ፣ ንቀል ሲሉኝ የምነቅል ሰው ነኝ። ከኬሪ ጋ ተነጋገሩ። ከፈለግክ ላንተ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ድምፅ በጆሮህ እለቅልሃለሁ። ደስ ይልሃል።»

መልበሻ ክፍሉ ድሮ የፊልም ማከማቻ ነበር፣ መስኮት የለውም፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ጠረጴዛው ላይ ኬሪ ያስመጣችው በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ስጋ፣ ፓይ፣ እና ቴርሞስ። ላውረንስ የቆዳ ሱሪውን እየለበሰ ነው። ከፊት ሲታይ ቆዳ ነው፤ ከኋላ የቤሪል እህት የሰፋችለት ላስቲክ። ኔቪል በሩን ዘግቶ ቆመ። ሁለቱም ለተወሰነ ጊዜ የላስቲኩን ጉዳይ ብቻ ነው ያስተናገዱት፤ ኔቪል ከኋላ ያዘለት፣ ላውረንስ ሆዱን አስገባ፣ ቁልፉ ተቆለፈ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዱ ሌላውን ሲያለብስ ያደጉ ናቸው፣ አንድ አልጋ ላይ።

«ሽንት ቤት ነበርኩ» አለ ኔቪል።

«መቼ?»

«ከምሳ በፊት።»

ላውረንስ መስታወቱን ትቶ ዞረ። ከዛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሱሪው ጮኸ። «ትከሻህ ነው ኔቭ። ኖቲንግሃሙ ኮንሰርት ላይ ሁላችንም አይተናል።»

«ኖቲንግሃም ሁለት ደቂቃ ነው ያሳጠርኩት።»

«እሷን ሁለት ደቂቃ አስመልክቶ አርባ ደብዳቤ መጣ። አርባ። አንዱ ከፊንላንድ ነው።» ፓዩን በቢላ ለሁለት ከፈለው፣ ትልቁን ወደ ኔቪል ገፋ። «ስማኝ የኛ ልጅ። እነዚህ ሰዎች አንተን ሊሰሙ አይደለም የመጡት። እኔንም አይደለም። ሰባ ሰባትን ሊሰሙ ነው የመጡት።»

«እሱንማ እቤታቸው አይሰሙትም?»

«እቤታቸው ሚስት አለች።»

ኔቪል ሊስቅ ነበር፣ ያዘው። «ላሪ፣ ማይኩን አስሰካልኝ። አንዴ ሳልጥለው ልምታ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።» ላውረንስ ፓዩን አየ፣ አምፖሉን አየ፣ ኬሪ በሩን ከፍታ «አስር ደቂቃ» ስትል እንደ ዳነ ሰው ብድግ አለ። ልጁን ፊት ለፊት ተናግሮ አያውቅም። ወንድሙንም አያውቅም። ፊት ለፊት የሚናገረው ሶስት ሺህ ሰው ከሆነ ብቻ ነው።

ጀመሩ። ከአራት ዘፈን በኋላ «የእቶኑ በር» ሲመጣ ጉልበት ያለው ተነሳ፣ የሌለው ወንበሩ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ላውረንስ የመጀመሪያውን ግጥም ዘፈነ፣ ከፍ የምትለዋን ቦታ እንደ ልማዱ ማይኩን ወደ ህዝቡ አዙሮ ለህዝቡ ተዋት፤ ከ1991 ጀምሮ ራሱ አልደረሰባትም። ከዛ መብራቱ ጠፋ፣ አንድ ብቻ ኔቪል ላይ ቀረ፣ ሌሎቹ ወደ ሻያቸው ሄዱ። ሁለተኛ ረድፍ ላይ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጎርደን ሃዘልዊክ የሩጫ ሰዓቱን ተጫነ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ኮንሰርት ያየ ሰው ነው፣ ከፊንላንዱ ሌላ አብዛኛውን ደብዳቤ የሚጽፈውም እሱ ነው።

ከድምፅ ማጉያው የሃያ ስድስት ዓመቱ ኔቪል ወጣ። ጉልበት ነው ብቻ። የሰባ ሶስት ዓመቱ ኔቪል ደግሞ ከስሩ ድራሙን መምታት ጀመረ፣ ማወዛወዝ አይደለም፣ መምታት። ማንም አይሰማውም። እያንዳንዷን ምት ያውቃታል፤ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲገለብጥ ነው የኖረው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ትከሻው ማቃጠል ጀመረ። ስምንተኛው ላይ ሁለት ጣቱ ደነዘዘ። ቤሪል ሶሎው ሲጀመር ሁልጊዜ ወጥታ መኪና ውስጥ ሹራብ ትሰራለች፤ ዛሬ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ።

አስራ አንደኛዋ ደቂቃ መጣች። የሚለቀቀው የሰባ ሰባቱ ካሴት ዝም አለ። ህዝቡ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ስቲኩ ሊወድቅ ነዋ። አልወደቀም። ኔቪል ይዞታል። እና በዛች ዝምታ ውስጥ መታ። አርባ ሰባት ዓመት እጁ ላይ የቆየችውን፣ «ልገባባት ስል» ያላትን ምት መታት። ያለ ማይክ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ሶስተኛ ቤት ያለ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ የሚሰማውን ይመስላል፤ ግን አዳራሹ ውስጥ ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከላይ ከካሴቱ የወጣቱ ኔቪል ስድብ ወጣ። ሽማግሌው ኔቪል አፉን ገጥሞ እየመታ ነው። ቀጥሎ የወጣቱ ላውረንስ ድምፅ፣ እንደ ደወል የጠራ፣ «አንሳው እንጂ የኛ ልጅ» አለ። የአሁኑ ላውረንስ በዚህ ሰዓት ከመጋረጃው ጫፍ ወጥቶ፣ መብራቱ ግማሽ ፊቱን እየነካው፣ ጉንጩ በፓይ ተወጥሮ ቆሟል። ሁሉም ሰው ያየዋል። የኔቪልን ስቲክም ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ሁለቱም እጁ ውስጥ ናቸው። አንድ አፍታ የሆነ ነገር የሚሆን መሰለ። ከዛ ሶስት ሺህ ሰው በአንድ አፍ «አንሳው» አለ፣ ከመቼውም በላይ አደመቀው፣ ተቃቀፈ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ዘጠኝ ሰከንዷ አለቀች፣ ካሴቱ ቀጠለ። ኔቪል የቀረውን አስራ አንድ ደቂቃ እጁን አወዛወዘ። ከዛ በላይ አቅሙም አልነበረም።

ሲያልቅ መግቢያው ላይ ጎርደን ሃዘልዊክ ኬሪን ይዟት ቆሟል። «በሃምሳ ሁለት ፓውንድ ቲኬት ሰው እንደዚህ አይታለልም» ይላል። «አስራ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ ካሴት ለቃችኋል። ሌላው ሁሉ ንፁህ ነው፣ እሱን እመሰክራለሁ፣ እንደ ድሮው ነው የመታው። እዛች ጋ ግን ስቲኩ ሳይወድቅ የሆነ የድራም ኮሽታ ነበር። ከየት መጣ?»

«ሰውዬ፣ ዛሬ በእውነት ከእጁ የተሰማው እሱ ብቻ ነው» አለች ቤሪል ከኋላ።

«እመቤት፣ እኔ ይሄን ሶሎ ሁለት መቶ አስራ ሁለቴ ሰምቻለሁ። እርስዎስ?»

ቤሪል ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። እሷ ዛሬ ገና አንደኛዋ ነው። ኬሪ ይቅርታ ጠይቃ፣ ማሽኑ ላይ ትንሽ ችግር ነበር ብላ፣ አራት ኤክስ ቲሸርት በነጻ ሰጠችውና ሸኘችው። ኔቪል ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ኮቱን አንድ እጁን ብቻ አስገብቶ፣ ሌላው አልነሳ ብሎት፣ ቀስ ብሎ ወደ መልበሻ ክፍሉ ተመለሰ። ቁጭ አለ። አምፖሉን አየ። ተሰምቷል፤ ሶስት ሺህ ሰው ፊት ተሰምቷል፤ የማሽን ብልሽት ነው ተባለ። ከዚህ የዶርትሙንዱ ብርጭቆ ይሻል ነበር፤ ብርጭቆ ቢያንስ የሚወረወረው ወደ ሰው ነው።

ላውረንስ ገባ። ላስቲኩን ከኋላ ሊፈታ ታገለ፣ ተወው። ጀርባውን ሰጥቶት መስታወቱ ውስጥ የአይኑን ኩል እየጠረገ፣ «ፈጠንክ» አለ።

«የት ጋ?»

«ታውቃለህ የት ጋ። መጨረሻዋ ላይ። ሮጥክ።»

ኔቪል ቀና አለ። ከሰማንያዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወንድሙ ስለ ድራም አመታቱ አንድ ነገር ብሎት አያውቅም፣ ስቲኩን ስለሚጥልበት ከፍታ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ መብራቱ እንጂ። ካሴትን ደግሞ ሮጥክ ብሎ የሚሰድብ የለም።

«አልሮጥኩም።»

«ሮጠሃል። እናታችን እንኳን ብትሆን ትሰማዋለች።»

«ፓይ እየዋጥክ በምንህ ሰማህ አንተ?»

«በጆሮዬ።»

«ግራው አይሰራም።»

«በቀኙ ነዋ የሰማሁት፣ በቀኝ ነው የቆምኩት።» ላውረንስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገናኙ። ቴርሞሱንና የፓይ ሳህኑን ገፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አመቻቸ። ኔቪል በሚሰራው እጁ፣ በጣቶቹ፣ ያቺን ምት ጣውላው ላይ መታት። ላውረንስ በጫማው ይቆጥርለታል። መጨረሻዋ ጋ ሲደርስ ጫማው ቆመ። «ይኸው።» ኬሪ በሩን ከፈተች፣ ዘበኛው አዳራሹን ሊቆልፍ እንደሆነ፣ ቤሪል የመኪና ማቆሚያው ሰዓት አልቆባት ዝናብ ላይ እየጮኸች እንደሆነ ነገረቻቸው። አንዳቸውም አልዞሩም።

«ድገማት» አለ ላውረንስ።